ቤተ መንግሥቱን ተረት አትበሉት

«የተረት ቤተ መንግሥት» የሚሉት ሐረግ በአንድ አፍ ሁለት ነገር ይሰድባል፤ ቤተ መንግሥቱንም፣ ተረቱንም። ቤተ መንግሥቱን የሚሰድበው፣ ሕንጻው የቆመበትን ላብ፣ ዕዳና ንባብ ደምስሶ የልጆች መጫወቻ ስለሚያደርገው ነው። ተረቱን የሚሰድበው ደግሞ፣ ተረት ማለት ጣፋጭ፣ ነጭና ማንንም የማይጎዳ ነገር ነው ብሎ ስለሚያስተምር ነው። እኛ ግን ተረትን ከማስታወቂያ አልተማርንም። ማታ እሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን ተቀብለናል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ጅብ ነበር፤ የእንጀራ እናት ነበረች፤ ተርቦ ያደረ ልጅ ነበር። ጅብ የሌለበት ተረት ተረት አይደለም፤ የሱቅ ጥሪ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከአንድ የጉብኝት ዓይነት ጋር ነው። በጀርመን ሀገር፣ በባቫሪያ፣ ከሙኒክ ከተማ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አውቶቡስ ይነሣል። ሊንደርሆፍን ያሳያል፤ ግድግዳቸው ላይ ሥዕል በተሣለባቸው ቤቶቿ የምትታወቀውን ኦበራመርጋውን ለጥቂት ደቂቃ ያስረግጣል፤ ከሰዓት በኋላ ኖይሽቫንሽታይን ያደርሳል፤ በጨለማ ይመልሳል። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ በሄድሁበት በአንድ የጥር ወር እኔም ተሳፍሬበታለሁ። ነገር ግን የምከስሰው አንድን ድርጅት ወይም አንድን አስጎብኚ አይደለም። የምከስሰው ታሪኩ የሚነገርበትን መንገድ ነው፤ እርሱ ደግሞ በሁሉም አውቶቡስ ውስጥ አንድ ነው።

«ይህ የአገር ጎብኚ ጉዳይ ነው፤ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ምኑ ነው?» የሚል ይኖራል። መልሴ አጭር ነው። ኖይሽቫንሽታይን ከድንጋይ በፊት በግጥም የተሠራ ቤት ነው። አንድ አንባቢ ያነበበውንና የሰማውን በእንጨት፣ በቀለምና በወርቅ ቅብ ያስጻፈበት ቤት ነው። የአንድን አንባቢ ቤት የከረሜላ መጠቅለያ ሲያደርጉት ዝም ብለን ካየን፣ ነገ የእኛንም መደርደሪያ እንዲሁ ያደርጉታል።

ሐቁን እናስቀድም፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዳግማዊ ሉድቪግ በ1845 ተወለደ፤ በ1864፣ በ18 ዓመቱ፣ የባቫሪያ ንጉሥ ሆነ። ሜይ 13 ቀን 1868 ለሙዚቃ ደራሲው ለሪቻርድ ቫግነር በጻፈው ደብዳቤ በሆሄንሽቫንጋው አጠገብ የነበረውን የፈረሰ አሮጌ ምሽግ በጥንቶቹ የጀርመን ፈረሰኞች ምሽግ አምሳል ሊያሠራው ማሰቡን ገለጠለት። የመሠረቱ ድንጋይ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1869 ተቀመጠ። የመጀመሪያውን መልክ የነደፈው ክሪስቲያን ያንክ የተባለ የቲያትር መድረክ ሠዓሊ ነበር፤ የሕንጻ መሐንዲሶቹ ሥራ የሠዓሊውን ወረቀት ወደ ድንጋይ መመለስ ሆነ።

ታዲያ በውስጡ ምን አለ? በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የትሪስታንና የኢዞልዴ ፍቅርና ሞት አለ። በሳሎኑ የሎኸንግሪን፣ በጽሕፈት ክፍሉ የታንሆይዘር፣ በዘማርያኑ አዳራሽ የፓርሲፋል ታሪክ ተሥሏል። በልብስ መልበሻው ክፍል የመካከለኛው ዘመን ባለቅኔ ቫልተር ፎን ዴር ፎግልቫይደና ጫማ ሰፊው ባለቅኔ ሃንስ ዛክስ ይታያሉ። እነዚህ ባለቅኔ ከባለቅኔ የተቀባበላቸው ታላላቅ የግጥም ትረካዎች ናቸው። ተኝታ የቀረችው ልዕልት ዘመዶቿ ሌሎች ናቸው፤ ፈረንሳዊው ቻርልስ ፔሮ በ1697፣ ወንድማማቾቹ ግሪም በ1812 ጻፏት። እርሷን ወደዚህ ቤት ያስጠጋት በ1955 በካሊፎርኒያ የተከፈተው ዲዝኒላንድ ነው፤ የልዕልቷን ቤት ሲሠራ መልኩን ከኖይሽቫንሽታይን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። ጎብኚው ከኮረብታው ሥር ቆሞ ሽቅብ ያይና «ዲዝኒን ይመስላል!» ይላል። አባት ልጁን መሰለ ተብሎ ይመሰገናል።

የዙፋኑ አዳራሽ ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ዓይን ከቶ እንግዳ አይደለም። አሠራሩ የቢዛንታይንን ቤተ ክርስቲያን ይከተላል። ከላይ ክርስቶስ በክብሩ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ስድስት ቅዱሳን ነገሥታት ቆመዋል፤ ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ከግራና ከቀኝ አሉ፤ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ይወጋል። 96 ሻማ የሚይዝ፣ በዘውድ ቅርጽ የተሠራ መቅረዝ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። መሠዊያ ሊቆም በሚገባው ሥፍራ የእብነ በረድ ደረጃ አለ፤ በደረጃው አናት ላይ ግን ምንም የለም። ዙፋኑ ሳይሠራ ንጉሡ ሞተ። መቅደስ የሚመስል አዳራሽ፣ ልቡ ባዶ! ከዚህ የበለጠ ግጥም ከየት ይመጣል? ከቡድናችን የተነሣው ብቸኛ ጥያቄ ግን መቅረዙ ስንት ኪሎ ይመዝናል የሚል ነበር። በጠያቂው አልፈርድም። «ተረት ልታይ ነው» ተብሎ የመጣ ሰው ባዶ ደረጃ ፊት ሲያቆሙት ከመቅረዝ ሌላ ምን ይጠይቃል?

ባዶውን ደረጃ ለመረዳት የንጉሡን ሽንፈት ማወቅ ያስፈልጋል። በ1866 ባቫሪያ ከኦስትሪያ ጋር ተሰልፋ በፕሩሲያ ተሸነፈች፤ በሌላ ጦርነትም ጊዜ ሠራዊቷ በፕሩሲያ እዝ ሥር እንዲገባ ተስማማች። በ1870 ሉድቪግ የፕሩሲያው ንጉሥ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት እንዲሆን የሚጋብዘውን ደብዳቤ ፈረመ፤ ቢስማርክም በምስጢር ገንዘብ ከፈለው። በ1871 ባቫሪያ በአዲሱ የጀርመን መንግሥት ውስጥ ገባች። እንግዲህ የመሠረቱ ድንጋይ የተቀመጠው በሁለቱ ውርደቶች መካከል ነው። መንግሥቱን በምድር ላይ የተነጠቀ ሰው መንግሥትን በግድግዳ ላይ ሣለ። ሽሽት ነው ካላችሁኝ አልከራከርም፤ ሽሽት ነው። ነገር ግን ከምን እንደሸሸ ሳይነገር «ሕልመኛ ነበር» ብሎ ማለፍ፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው «ውጭ ማደር ይወድ ነበር» እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ክረምቱ ልመለስ። በበረዶው ወራት የሚሄድ ጎብኚ ሙሉ ቀን ይቅርታ ሲጠየቅ ይውላል። በገደሉ ላይ የተዘረጋው፣ ፎቶግራፉ ሁሉ የሚነሣበት የማሪያ ድልድይ በረዶ ሲያዳልጠው ይዘጋል፤ ይቅርታ። ወደ ኮረብታው የሚያወጣው አነስተኛ አውቶቡስ በረዶ ሲሆን አይሠራም፤ በእግር ውጡ፤ ይቅርታ። በሊንደርሆፍ መናፈሻ ፏፏቴዎቹ ዝም ብለዋል፤ ሐውልቶቹ ብርድ እንዳይሰነጥቃቸው በእንጨት ሣጥን ታሽገዋል፤ ይቅርታ። የቀን መቁጠሪያ ላይ የታተመው ሥዕል ስላልተገኘ እንግዳው የተሰረቀ ይመስለዋል።

እኔ ግን እላለሁ፤ ይቅርታ መጠየቅ ያለበት በጋው ነው። ሉድቪግ የሌሊት ሰው ነበር፤ ቀን ተኝቶ ሌሊት ይነሣ ነበር። በበረዶ ላይ በሚንሸራተት፣ በወርቅ በተለበጠ ሠረገላ ተራራውን ያቋርጥ ነበር። በሠረገላው ላይ የኤሌክትሪክ መብራት እስከማስገጠም ደርሷል፤ ሠረገላዎቹ ዛሬም በሙኒክ በኒምፈንቡርግ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይታያሉ። ቤቶቹን የሠራቸው ለበጋ ሕዝብ አይደለም፤ ለአንድ ሰው፣ ለሌሊትና ለዝምታ ነው። በሣጥን ውስጥ ቆመው የተገነዙትን የሊንደርሆፍን ሐውልቶች ያየ፣ በበጋ ከመጣው ሚሊዮን ሰው ይልቅ ለንጉሡ ልብ ቀርቧል። ክረምቱ የጉብኝቱ ጉድለት ተደርጎ መነገሩ ጉብኝቱ ቤቱን እንደማያውቀው ማስረጃ ነው።

በሊንደርሆፍ አንድ እውነተኛ የተረት ዕቃ አለ፤ እርሱንም ቢሆን በትክክል አይተርኩትም። የምግብ ክፍሉ ጠረጴዛ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ታችኛው ማብሰያ ቤት ይወርዳል፤ ማዕዱ ተደርድሮበት ተመልሶ ይወጣል። ይህን መሣሪያ የሚጠሩት «ጠረጴዛ ሆይ ተሰናዳ» በሚለው የግሪሞች ተረት ስም ነው። ጎብኚው ይስቃል፤ ይደነቃል፤ ያልፋል። በተረቱ ውስጥ ግን ያ ጠረጴዛ የሚደርሰው ከቤት ለተባረረው ለልብስ ሰፊው ልጅ ነው፤ ባዶ እጁን የሄደ ልጅ የተራበውን ሁሉ እንዲያበላበት ነው። እዚህ ጠረጴዛው የተሠራው አንድ ሰው ብቻውን ሲበላ የአሳላፊውን ፊት እንዳያይ ነው። ከላይ ብቸኝነት፣ ከታች እጀታ የሚያሽከረክር አገልጋይ። አያችሁ? ጅቡ እዚህ ነበር። አስጎብኚነት ተረትን የሚገድለው ጅቡን በማባረር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣኝ «እብዱ ንጉሥ» የሚለው ነው። በየአውቶቡሱ ይነገራል፤ በየሱቁ በሲኒና በማግኔት ላይ ይሸጣል። ነገሩ እንዴት እንደተፈጸመ እነሆ። ጁን 8 ቀን 1886 አራት ሐኪሞች ንጉሡ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው፣ መግዛት አይችልም ብለው ፈረሙ። የቡድኑ መሪ ዶክተር ቤርንሃርት ፎን ጉደን ነበር። ንጉሡን አስቀርበው አልመረመሩትም፤ የተመሠረቱት በአብዛኛው ከአገልጋዮች በተሰበሰበ ቃል ላይ ነው። ሰኔው ሳይጋመስ ንጉሡን ከኖይሽቫንሽታይን አውጥተው በሽታርንበርግ ሐይቅ ዳር ወዳለው ወደ ቤርግ ወሰዱት። ጁን 13 ቀን ማታ ንጉሡና ዶክተር ጉደን ሁለቱም ሐይቁ ውስጥ ሞተው ተገኙ። እንዴት እንደሞቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

እኔ በባንክ መስኮት ተቀምጬ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ባለቤቱ ሳይቀርብ፣ መታወቂያው ሳይታይ፣ «ጎረቤቶቹ እንዲህ ብለውታል» በሚል ብቻ ሂሳቡን ብዘጋ በማግሥቱ ከሥራ እባረራለሁ። አንድ መቶ ብር ለማንቀሳቀስ የማይበቃ ማስረጃ አንድን ሰው ከዙፋንና ከአእምሮው ለመሻር በቃ። ምጸቱ ደግሞ እዚህ አያበቃም። ሉድቪግን «አእምሮው ታሟል» ብለው ካወረዱት በኋላ ዘውዱ የተላለፈው ለወንድሙ ለኦቶ ነው፤ ኦቶ ከዓመታት በፊት የአእምሮ ሕመምተኛ ተብሎ በጥበቃ ሥር የነበረ ሰው ነው! አገሩን በእንደራሴነት የመራው አጎታቸው ሉዊትፖልድ ነው። እብደቱ እውነተኛ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ኦቶ ባልነገሠ። ሉድቪግ ጤነኛ ነበር እያልሁ አይደለም፤ የሞተን ሰው እኔም ሳላይ አልመረምርም። የምለው፣ ባልተመረመረ ሰው ላይ የተፈረመን ወረቀት ለአንድ መቶ አርባ ዓመት ያህል እንደ ቀልድ መድገም ነውር ነው።

ይህን ነውር እኛ ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። ሉድቪግ ያን ደብዳቤ ለቫግነር ከመጻፉ ልክ አንድ ወር በፊት፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1868፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። እንግሊዞቹም መድፋቸውን ጠቅልለው ሲመለሱ «እብድ ንጉሥ» የሚል ስም ለዓለም አደሉ። ሁለቱ ነገሥታት በግብር አይገናኙም፤ አንዱ የጦር ሰው፣ ሰይፉም የከፋ፣ ሌላው ከጦር የሚሸሽ ነበር። የስሙ አሰጣጥ ግን አንድ ነው፤ አሸናፊው ሐኪምም ይሆናል። የእኛ ደራስያን ያን ስም አልተቀበሉም። አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን፣ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን ሲጽፉ ንጉሡን ከነጥፋቱ ሰው አድርገው መለሱልን። ይህን ያነበበ ሕዝብ በሙኒክ አውቶቡስ ውስጥ «እብዱ ንጉሥ» ሲባል አብሮ ሊስቅ አይገባውም።

አሁን ደግሞ ወደ ሥራዬ ልግባ፤ ወደ ሂሳቡ። ኖይሽቫንሽታይን 3.2 ሚሊዮን ማርክ ይፈጃል ተብሎ ታቅዶ በ1886 ከ6 ሚሊዮን በላይ ወስዷል። ሊንደርሆፍ ከ8 ሚሊዮን በላይ፣ የቬርሳይን አምሳል የተከተለው ሄረንኪምዜ ከ16 ሚሊዮን በላይ ፈጅተዋል። ገንዘቡ የወጣው ከንጉሡ የዘውድ አበልና ከብድር ነው። ዕዳው 14 ሚሊዮን ማርክ ደረሰ። በ1886 መባቻ ሌላ 6 ሚሊዮን ብድር ጠየቀ፤ ተከለከለ። እኔም ብሆን እከለክለው ነበር! ማመልከቻውን ገልጬ፣ የገቢውንና የዕዳውን መጠን አይቼ፣ ያለ አንዳች ጥርጥር «አይፈቀድም» ብዬ እፈርም ነበር። ግጥም ስለምወድ ሌላ ሰው ያስቀመጠውን ገንዘብ ለግጥም አላበድርም። ነገር ግን ብድር መከልከል ሌላ፣ እብድ ነው ብሎ መፈረም ሌላ። ሚኒስትሮቹ የመጀመሪያውን ለማድረግ ሙሉ መብት ነበራቸው፤ ሁለተኛውን ያደረጉት የመጀመሪያው ስላልበቃቸው ነው።

በዚህ ጊዜ የንጉሡ ጠበቃ ነኝ ባይ ብድግ ይልና «ግን እኮ ተከፈለ!» ይላል። ይህኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። እውነት ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ኦገስት 1 ቀን 1886 ለሕዝብ ተከፈተ። ንጉሡ ከሞተ 49 ቀን ነው፤ በእኛ ደንብ የአርባ ቀን ተዝካሩ በወጣ በዘጠነኛው ቀን ትኬት ተቆረጠ ማለት ነው። ከመግቢያው በተሰበሰበ ገንዘብ የሕንጻው ዕዳ እስከ 1899 ተጠናቀቀ። ከ2020 በፊት በነበሩት ዓመታት በዓመት 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ገብቶበታል። እናም አስጎብኚው በኩራት «ሞኝ አልነበረም፤ ምርጥ ኢንቨስትመንት ነበር» ይላል፤ አውቶቡሱም ያጨበጭባል። እኔ ግን ሲያጨበጭቡ እጄን ኪሴ ከትቻለሁ። ውበት ትርፍ ካመጣ ብቻ ይቅር የሚባል ወንጀል ከሆነ፣ ትርፍ ያላመጣው ውበት ሁሉ ተፈርዶበታል። ማንም የማይገዛው የግጥም መድበል፣ ማንም የማይጎበኘው የገጠር ደብር ሥዕል፣ ሳይታተም የቀረ የድርሰት ረቂቅ፣ እነዚህ ሁሉ እብደት ናቸው? የትርፍ ሂሳብ በባንክ ሲሠራ ክቡር ሥራ ነው፤ ከባንክ ወጥቶ በውበት ላይ ዳኛ ሲሆን ግን ቦታውን ስቷል። ይህን የምለው ቀኑን ሙሉ ያንኑ ሂሳብ ስሠራ የምውል እኔ ነኝ።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ለእኛው ወገን፣ ለባለቅኔዎቹም፣ አንድ ቃል አለኝ። ሉድቪግን የኪነ ጥበብ ሰማዕት አድርገው የሚያለቅሱለት አሉ። አበዙት። ያን ድንጋይ ንጉሡ አልጠረበውም። በቤቱ ሥራ መቶዎች ይሠሩ ነበር፤ ለመኝታ ቤቱ የእንጨት ቅርጽ ብቻ 14 ጠራቢዎች ከአራት ዓመት በላይ ደክመዋል። በሥራው ላይ የሞቱ ነበሩ፤ በ1870 ለተቋቋመው የሠራተኞቹ መረዳጃ ማኅበር ንጉሡ ገንዘብ ያዋጣ ነበር፤ የታመመ ደመወዙን፣ የሟች ቤተሰብ አነስተኛ ጡረታ ያገኝ ነበር። ይህ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁንና የሞተውን አያስነሣም። በ17 ዓመት ከታሰቡት ከ200 በላይ ክፍሎች የተጠናቀቁት ጥቂት ናቸው፤ ንጉሡም በጠቅላላው 172 ቀን ያህል ብቻ ኖረበት። ሰማዕት ለሌላው ይሞታል። እዚህ ሌሎች ለአንድ ሰው ብቸኝነት ደክመዋል። ውበቱ እውነተኛ ነው፤ ዋጋውም እውነተኛ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ሁለቱን በአንድ መዝገብ ላይ መያዝ ያቃተው ሰው፣ ባለቅኔም ይሁን አስጎብኚ፣ ሂሳቡን አጉድሏል።

ደግሞም በእውነተኛ ተረት ውስጥ «ይህን ብቻ እንዳትከፍቺ» የሚባል የተቆለፈ ክፍል አለ። ኖይሽቫንሽታይንም አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች ከፈረንሳይ፣ በተለይም ከአይሁድ ሰብሳቢዎች የዘረፉትን የኪነ ጥበብ ሀብት እዚህ አከማቹት። በ1945 የአሜሪካ ወታደሮች ሲደርሱ የተረት ቤት የተባለው የሌባ ጎተራ ሆኖ አገኙት። የሰው ሥዕል፣ የሰው ብርና የሰው የቤት ዕቃ፣ ባለቤቶቹም አብዛኞቹ የተሰደዱና የተገደሉ። እኔ በተሳፈርሁበት ቀን ስለዚህ አንድም ቃል አልተነገረም፤ ስለ ሙቅ መጠጥ ሽያጭ ግን ሁለት ጊዜ ተነግሯል። ሆን ተብሎ ነው አልልም። «ተረት» የሚለው ቃል ራሱ በሩን ይቆልፈዋል፤ ሌላ ቁልፍ አያስፈልገውም።

በጁላይ 2025 ዩኔስኮ ኖይሽቫንሽታይንን፣ ሊንደርሆፍን፣ ሄረንኪምዜንና በተራራ ላይ ያለውን ሻኸንን በዓለም ቅርስ መዝገብ አስፍሯቸዋል። ደስ ብሎኛል፤ ሰግቻለሁም። መዝገብ ድንጋዩን ይጠብቃል፤ ትርጉሙን የሚጠብቀው ግን አንባቢ ነው። የኖይሽቫንሽታይን የውስጥ ጉብኝት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ትኬቱ ላይ ቁጥርና ደቂቃ አለ፤ ቁጥርህ ሲበራ ትገባለህ፤ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። የፎቶው ክልከላ ምናልባት በቀኑ ውስጥ የቀረው ብቸኛው ጸጋ ነው፤ ሰው ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በዓይኑ ያያል። ነገር ግን የትሪስታንን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው በግማሽ ሰዓት ምን ያይ ዘንድ ነው? ወርቅ ያያል፤ ወርቁም «ተረት» ይመስለዋል።

እንግዲህ በፍራንክፈርትም ሆነ በሙኒክ የምትኖሩ፣ ወይም እንደኔ በፈቃድ የምትሻገሩ ወዳጆቼ፣ አትሂዱ አልላችሁም፤ ሂዱ። ግን በአንድ ቀን ሁለት ቤተ መንግሥት አትዋጡ፤ አንዱን ምረጡ። በበረዶው ወራት ሂዱ፤ ድልድዩ ቢዘጋ አትቆጡ። ከመሄዳችሁ በፊት ከግድግዳዎቹ ታሪኮች አንዱን፣ ትሪስታንን ወይም ፓርሲፋልን፣ በምታውቁት ቋንቋ አንብቡ። በዙፋኑ አዳራሽ ሁሉም ወደ መቅረዙ ሲያንጋጥጥ እናንተ ደረጃውን እዩ፤ ዘወር በሉና ጊዮርጊስን እዩ። «እብዱ ንጉሥ» ሲባል እጃችሁን አንሡና «ማን መረመረው?» ብላችሁ ጠይቁ። አስጎብኚው ቢቆጣ ግድ የለም፤ አውቶቡሱ ጥሏችሁ አይሄድም። «ተረት ይመስላል» ብላችሁ ለዘመድ ልትጽፉ ጣታችሁ ሲነሣም ቆም በሉ፤ ይህን የምትሉት እናንተ ናችሁ ወይስ የሲኒው ጽሑፍ?

በመሥሪያ ቤቴ «ተረት አታውራ» ማለት «አትዋሽ» ማለት ነው። እዚያ ደግሞ «ተረት ነው» ማለት «ያምራል፤ ግዙ» ማለት ሆኗል። በሁለቱ መካከል ለእውነተኛው ተረት የቀረለት ቦታ ጠባብ ነው፤ እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የቆምነው ግን በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ከመንገድ ስመለስ፣ በጨለማው መስኮት በረዶውን እያየሁ በትኬቱ ጀርባ የቋጠርኋትን ስንኝ ለእናንተ ትቼ እሰናበታለሁ።

ዙፋን ያላስገባ አዳራሽ ያቆመ፣
ሐኪም ሳይዳስሰው በሰነድ ታመመ፤
ዕዳው ተከፈለ፣ ትኬቱም ተቆርጦ፣
ባዶው ደረጃ ግን ያየናል አፍጥጦ።